ፈትል፣ ቀርከሃና የቡና ፍሬ፦ የአንድ የሐዋሳ ሠርግ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 21

ሥራው ይህ ነው። ጥር 17 ሐዋሳ ላይ ሠርግ አለ። የሙሽሪትን አለባበስ፣ የፎቶውን ቦታ፣ ከኋላ የሚሰቀለውንና ከፊት የሚቀመጠውን ሁሉ የማቀናጀው እኔ ነኝ። አዳራሹን የሚያስጌጥ ሌላ ሰው አለ፤ ሜካፑም ፎቶውም የየራሱ ባለሙያ አለው። የእኔ ድርሻ ሁሉም አንድ ላይ ሲታይ የአንድ ቤት ሠርግ እንዲመስል ማድረግ ነው። ስታይሊስት ሲባል ብዙ ሰው ልብስ መምረጥ ብቻ ይመስለዋል። እኔን ግን ከልብሱ ይልቅ ጊዜ የሚወስድብኝ ብርሃኑ ነው።

ሙሽሪት እዚሁ ሐዋሳ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ሙሽራው የይርጋለም ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ቡና ያመርታል። ዛሬ ቁጭ ብለን ስልኳ ላይ ያጠራቀመቻቸውን ፎቶዎች አየን። ደረቅ ረጃጅም ሣር፣ የአሸዋ መልክ ያለው ጨርቅ፣ የማያልቅ የምሽት ብርሃን። ያምራሉ፤ ለምን እንደወደደቻቸው ይገባኛል። ግን አብዛኞቹ የተነሱት በሰሜን አገሮች በጋ ነው። እዚያ ፀሐይ አዘንብላ ለረጅም ሰዓት ትቆያለች። እኛ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ወርቃማው ብርሃን አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው። ያንኑ ፎቶ በእኛ የ8 ሰዓት ፀሐይ እንድገመው ብንል ዓይኗ ሥር ጥላ፣ ግንባሯ ላይ ነጸብራቅ ነው የምናተርፈው።

"ታዲያ ምን ይሻላል እህቴ?" አለችኝ።

"መጀመሪያ እናትሽ ቤት ልምጣ" አልኳት።

ኅዳር 25

ሠርግ ስይዝ ቀድሜ የማየው የቤቱን ዕቃ ነው። እናትየዋ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው አወጡ። ከላይ የልጆች የክርስትና ልብስ አለ። ከዚያ ናፍታሌን የሚሸት ካባ። ከሥር ደግሞ በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ጋቢ። ጥጡን በእንዝርት የፈተሉት የሙሽሪት አያት ናቸው።

ጋቢውን መስኮቱ ጋ ወስጄ ዘረጋሁት። ክሩ እኩል አይደለም። አንዱ ጋ ወፈር ይላል፣ ቀጥሎ ሳሳ ይላል፣ እንደገና ይወፍራል። መስኮቱ ብርሃኑን ከጎን ሲያመጣበት ድርና ማጉ እየተለየ ታየ፤ ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ጥላ ተሞላ። ማሽን የፈተለው ክር ይህን አይሰጥም፤ ልስልስ ብሎ ብርሃኑን መልሶ ይልከዋል። ይኼኛው ብርሃኑን ያስቀረዋል። የእጅ ሥራ በካሜራ ፊት ወዲያው የሚለየው በዚህ ነው።

"ምን ልታደርጊበት ነው ልጄ?"

"ከኋላቸው ልሰቅለው እናቴ፣ ከፈቀዱልኝ።"

ትንሽ ዝም አሉ። "መሬት እንዳይነካ ብቻ" አሉኝ።

ሳጥኑ ውስጥ የራሳቸው የሠርግ ፎቶም ነበረ። ስቱዲዮ የተነሳ ጥቁርና ነጭ ነው። ከኋላቸው የዘንባባ ዛፍና ውሃ የተሳለበት መጋረጃ አለ። እጃቸውን ባለቤታቸው ትከሻ ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ካሜራውን ያያሉ። እነዚህን የስቱዲዮ ፎቶዎች በጣም እወዳቸዋለሁ። ፊልም ውድ ነበር፤ ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት የእጁ ቦታ፣ የነጠላው አወዳደቅ፣ የአገጩ ከፍታ ሁሉ ይታሰብበታል።

የማሊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታም ትዝ አለኝ። ባማኮ ላይ ስቱዲዮውን የከፈተው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። መጀመሪያ ከደንበኞቹ ኋላ የሰቀለው የራሱን የአልጋ ልብስ ነበር። ጨርቁን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቀይር፣ ቆይቶ ፎቶዎቹ የየትኛው ጊዜ እንደሆኑ የሚለየው ከኋላ ባለው ጨርቅ ነበር። የቤት ጨርቅ ከፎቶ ኋላ ሲሰቀል ማስጌጫ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የማን ቤት፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ይናገራል። ለዚህ ሠርግ የምፈልገው ይህንን ነው።

ታኅሣሥ 2

የገና ጾም ገብቷል፤ የኦርቶዶክሶቹ ሠርግ ጋብ ብሏል። የመሞከሪያ ጊዜ አገኘሁ ማለት ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከነጭ ጨርቅ ጋር ነበርኩ።

ከቬሎ ሰፊዋ ቁራጭ ሳቲንና ቱል ለመንኩ። ከገበያ መነንና ሳባ የሚባሉትን ነጭ ጨርቆች ገዛሁ። ከጋቢው ምንም አይቆረጥም፤ ዘርፉን ብቻ አስጠጋሁት። ሁሉንም ካርቶን ላይ በመርፌ ቁልፍ ደርድሬ ግቢ ውስጥ አቆምኩት። ፎቶ አንሺያችን የካሜራውን ዋይት ባላንስ (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) አንድ ቦታ ቆልፎ እየቆየ እየቆየ ያነሳ ጀመር።

3 ሰዓት ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ልዩነቱ አፍጥጦ ይታያል። ሳቲኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ጋቢው አጠገቡ ሲሆን ያደፈ ይመስላል። አላደፈም። ፋብሪካ ነጭ ጨርቅ ሲሠራ፣ ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ወደ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀይር ኬሚካል ይጨምርበታል። ይኸው ነገር የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥም አለ። ፋብሪካ ያመረተው ነጭ እንደዚያ የሚያበራው ለዚህ ነው። የአያትየዋ ጋቢ ግን የታጠበው በእንዶድ ነው፤ እናትየዋ ዱቄት ሳሙና አስነክተውት አያውቁም። ነጭነቱ የጥጡ የራሱ ነው፤ ትንሽ ወደ ቅቤ መልክ ያደላል።

እንዶድ ሲነሳ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳላስብ አላልፍም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ውሃ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። የልብስ ማጠቢያ ቦታን በትኩረት ያየ ሰው ምን እንደሚያገኝ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቀትር ላይ ሁሉም ነጭ ተቃጠለ። እጥፋቱ፣ ክሩ፣ ሁሉም በብርሃን ተበላ። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ፀሐይ ዝቅ ስትል ያ የማይታየው ጨረር ይቀንሳል፤ የቀረው ብርሃን ደግሞ ይሞቃል። ሳቲኑ ሰማያዊነቱን ተወ። ጋቢው ወደ ማር መልክ ሄደ። የፋብሪካውና የእንዝርቱ ነጭ ተስማምተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ወደ እኔ አዙሮ "እይ እይ እይ" ሲል እኔም ግቢው ውስጥ እልል ማለት ቃጣኝ።

ስለዚህ ተወሰነ። ቬሎና ጋቢ አብረው የሚታዩት ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ቬሎው ከዛፍና ከቅጠል ጋር ይሁን።

ታኅሣሥ 8

ቦታ መረጣ። ከንጋቱ ጀምሬ ሐይቁን ዳር ዳሩን ያዝኩት። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን እያስጠጉ ነበር። ቆሮሶው ይራገፋል፣ አምባዛው ይቆጠራል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። ቀለሙ ግሩም ነው፤ ግን ቬሎ ይዞ የሚገባበት ቦታ አይደለም። ሠራተኛውን ሥራ እናስፈታዋለን።

ታቦር ተራራ ላይም ወጣሁ። ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ ለማየት ከእሱ የተሻለ የለም። ግን ሙሽራን በተረከዝ ጫማ እዚያ ማውጣት ግፍ ነው። እናቶቹም አይወጡም፤ እኔ ደግሞ እናቶቹን እፈልጋቸዋለሁ።

የቀረኝ የሐይቁ ዳር ነው። ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለተቀመጠች ፀሐይ የምትጠልቀው በውሃው ማዶ ነው። ሰው ሁሉ ሙሽሮቹን ውሃውን ከኋላቸው አድርጎ ያቆማቸዋል፤ ከዚያ ፊታቸው ይጠቁርና ፍላሽ ይመጣል። ፍላሽ ደግሞ የፈትሉን ጥላ ሁሉ ያጠፋል። እኛ ካሜራውን ወደ ሰሜን እናዞራለን። ውሃው በግራ በኩል ይሆናል፤ ብርሃኑም ከዚያው ከጎን ይገባል። እናትየዋ ቤት መስኮት ላይ ያየሁት ያ ነው። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ትልቅ ዋርካ ያለበት ሜዳ አገኘሁ። ሥሩ ጥላ አለ፣ ፊቱ ክፍት ነው። የጥር ፀሐይ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ የማዶው ኮረብታ ደግሞ ቀደም ብሎ ይሸፍናታል። እስከ 12 ከሩብ መጨረስ አለብን።

ታኅሣሥ 15

ጋቢው የሚሰቀልበት ነገር ያስፈልጋል። የሚከራየው የብረት ቅስት ሁሉም ሠርግ ላይ አለ፤ ቀለም ተቀባብቶ አርጅቷል። ቀርከሃ ፈለግኩ።

አገራችን ላይ በተፈጥሮ የሚበቅለው ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ነው። የቆላው ውስጡ ድፍን ነው። የደጋው ክፍት ነው፤ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ይጠለፋል። የሲዳማ ደጋ ቤት የሚሠራው በዚህኛው ነው፤ ግድግዳው ከታች እስከ ጉልላቱ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ ይወጣል። በደጋው ሁላ ወረዳ በኩል ስሄድ እነዚህን ቤቶች ቆሜ ሳላይ አላልፍም። ጎናቸው ላይ ያለው መጎበጥ በጣም ለስላሳ ነው። ቅስቴም ያንን መስመር እንዲይዝ ፈለግኩ፤ ግማሽ ክብ ሳይሆን ከላይ ሾል የሚል።

ባለሙያው ከዚያው ከደጋው የመጡ ጎልማሳ ናቸው። ስዕሌን አይተው ፈገግ አሉ። "ይኼማ የቤት በር ነው" አሉኝ። "አዎ ጋሼ፣ እሱን ነው የፈለግኩት" አልኳቸው። እርጥቡን ቀርከሃ ለሁለት ሰንጥቀው፣ አንጓውን በቢላ አስተካክለው፣ መሬት ላይ በተተከሉ ችካሎች መካከል ቀስ እያሉ አጎበጡት። አረንጓዴው ቆዳ እንዳይፋቅ ለመንኳቸው፤ ሲደርቅ ወደ ገለባ መልክ ይሄዳልና ለጥር ልክ ይደርሳል። ማሰሪያውን በሽቦ ላድርገው ሲሉ የእንሰት ቃጫ ጠየቅኩ። ቃጫ ሲጠብቅ አይንሸራተትም፤ ፎቶ ላይም አያብረቀርቅም። ችካሉ ላይ እስኪደርቅ ይቆያል።

ታኅሣሥ 20

የሰዓት ድርድር። የቪዲዮው ሰው 8 ሰዓት ይላል። ሽማግሌዎቹ "እንግዳ ይጠብቃል" ይላሉ። የካርቶኑን ፎቶዎች ደርድሬ አሳየኋቸው፦ የ3 ሰዓቱን፣ የቀትሩን፣ የ11 ሰዓት ተኩሉን። የሙሽራው አባት ብዙም አልተናገሩም፤ የመጨረሻውን በጣታቸው ነክተው "ይኼ" አሉ። ምሳው ቀድሞ ሐይቁ ከምሳ በኋላ ሆነ።

ጥር 4

ለመልሱ ቀሚስ ጥበቡን ቀለም ስንመርጥ ነው የቆየነው። ሙሽሪት ወርቃማ ብላ ነበር። ወርቃማ ክር በምሽት ብርሃን ከጨርቁ ጋር ይቀላቀላል፤ ርቀት ላይ ጥበብ መኖሩም አይታይም። ይርጋለም ሄጄ የሙሽራውን ቤተሰብ ግቢ አይቼ ነበር። ቡናው እየተለቀመ ነው። የበሰለው ፍሬ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተዘርግቷል፤ ደማቅ ቀይ አለ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ አለ። አንድ እፍኝ በመሐረብ ቋጥሬ መጥቼ ነበርና ሸማኔው ፊት ፈታሁት። ከክሮቹ ጋር እያስተያየን ሁለት ቀይ መረጥን፣ ደማቁና ጠቆር ያለው።

ቀይ ደፋር ቀለም ነው። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ፎቶዎቿ ላይ ቀይን ስትጠቀም ሳይ የምማረው ነገር አለ። ጥቂት ቀለም ትመርጣለች፤ የመረጠችውን ግን አታለሳልሰውም። እኛም ጥበቡን ሰፊ አላደረግነውም። ጠባብ ሆኖ ቀዩ ቀይ ይሁን።

የቬሎው ሻርፕ ዳር ላይ ነጭ በነጭ ጥልፍ ይኖራል። የቀጋ አበባ ነው። ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኝ ብቸኛው ጽጌረዳ ነው። የገበያው ጽጌረዳ ድርብርብ ነው፤ የቀጋ ግን አምስት ገጽ ብቻ አለው፣ መሃሉ ቢጫ። ለጥልፍ የተፈጠረ ይመስለኛል። ጠላፊዋ መሃሉን በትናንሽ ቋጠሮ ሠራችው፤ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል።

ጥር 12

ጥምቀት አለፈ፤ ከተማው እግር ከእግር እስኪነካካ ሞልቶ ነበር። ዛሬ ዋርካው ሥር ቅስቱን አቁመን በአሮጌ አንሶላ ሞከርን። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ጠንካራ ነው። አንሶላው እንደ ሸራ ተነፋ። መፍትሔው፦ የጋቢው የታችኛው ጠርዝ በቃጫ ከቅስቱ እግር ጋር በልል ይታሰራል፤ የቅስቱ እግር ላይ የአሸዋ ከረጢት ይቀመጣል፤ ከረጢቱ በእንሰት ቅጠል ይሸፈናል። ከመሬት አንድ ጫማ ያህል ከፍ ይላል፤ የእናትየዋ ቃል ይከበራል።

ጥር 16

ጽጌረዳው ከባቱ በኩል ማታ ገባ። ከሣጥን እንደወጣ ግንዱን ውሃ ውስጥ ነክሮ በሰያፍ መቁረጥ፣ ውሃ የሚነካውን ቅጠል ማራገፍ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ማሳደር ነው። ነጭና ክሬም ብቻ ነው ያዘዝኩት። ቀዩን ከይርጋለም እጠብቃለሁ፤ የሙሽራው አባት የቡና ቅርንጫፍ ከነፍሬው ራሳቸው ቆርጠው ሊያመጡ ቃል ገብተዋል። ዘግይቶ ከሚደርሰው ቡና ለይተው አስቀምጠዋል።

የሙሽሪት እጅና እግር እንሶስላ ሞቋል። ቀለሙ ከቡናው ቀይ ጋር ሳይጣላ ገጠመ። ቤቱ በሴቶች ሞልቷል፤ አክስቶቿ ሌሊቱን ሲዘፍኑ ነው ያደሩት። እኔ ጥግ ይዤ በስቲመር ቱል እያስተካከልኩ ነበር። ቱል ካውያ አይወድም።

ጥር 17

ጠዋቱና ምሳው ደህና አለፈ። የማይመለከተኝን አልጽፍም።

10 ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ደረስን። ጥር እሑድ ፍቅር ሐይቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቬሎ ነው፤ የእኛ ሜዳ ፈቀቅ ማለቱ ጠቀመን። መጀመሪያ ዋርካው ሥር ቬሎውን ከአረንጓዴው ጋር አነሳን። የቡና ቅርንጫፉ እቅፉ ውስጥ ገባ። ነጩ ጽጌረዳ መሃል ቀያዮቹ ፍሬዎች በየግንዱ ተኮልኩለው ሲታዩ ፎቶ አንሺው ሳይጠየቅ ተጠጋ። ቅጠሉ ቶሎ ስለሚጠወልግ አብዛኛውን አራግፌ ፍሬውን ብቻ ነበር ያስቀረሁት።

ከዚያ ጋቢው ተሰቀለ። ጫፉን እኔ ያዝኩ፤ ሌላውን ጫፍ እናትየዋ ራሳቸው ካልያዝኩ አሉ። ረዳቴ ልታግዛቸው ስትል በእጃቸው መለሷት። ስናስረው ንፋሱ ትንሽ ገፋው፣ ቃጫው ያዘው። ከፍ ብሎ ሲረጋጋ የይርጋለም እንግዶች ቅስቱን አዩት። አንድ ሽማግሌ ቀርበው ቀርከሃውን አንኳኩ፤ አንጓውን በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ለአጠገባቸው ሰው በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ። የሙሽራው አክስቶች ደግሞ ቅስቱ ሥር ገብተው ማዜም ጀመሩ። በሳልኩት አቀማመጥ ውስጥ የሉም። ላስወጣቸው አላሰብኩም። ፎቶ አንሺውን ወደ ኋላ ሳብኩትና ሁሉንም እንዲያስገባ ነገርኩት።

11:40። ብርሃኑ ከውሃው በኩል ገባ። ጋቢው ላይ ክር በክር መታየት ጀመረ። ቬሎው ሰማያዊነቱን ለቀቀ። በዚህ ሰዓት ብዙ አላወራም። አገጭ ትንሽ ወደ ብርሃን፣ ትከሻ ዝቅ፣ የእቅፉ ግንድ እንዳይታይ፣ በቃ። እናትየዋን ከሙሽሪት ጎን አቆምኳቸው። ረዳቴ ነጠላቸውን አስተካክላ ስትመለስ አየሁት፤ ጥበቡ ወደ አንገት ዞሯል። ሮጬ አዞርኩት። የተዘቀዘቀ ነጠላ ለለቅሶ ነው፤ በሠርግ ፎቶ ላይ እንዲያ ሆኖ ቢቀር እኒህ እናት ባዩት ቁጥር ልባቸው ይደነግጣል። ይህ ከቀለምም ከብርሃንም በፊት የሚታይ ነገር ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የሙሽራው አባት ብቻቸውን የቆሙበት ነው። ሱፋቸውን ለብሰው፣ የተረፈችዋን የቡና ቅርንጫፍ ይዘው፣ ጋቢው ፊት። ቁሙ ያላቸው የለም፤ ቅርንጫፏን የሚያስቀምጡበት አጥተው ነው የያዟት። ያንን ጊዜ ብርሃኑ የጣታቸውን ስንጥቅና የጋቢውን ክር እኩል አወጣው። የቡና ሰው እጅ ነው። ፎቶ አንሺው ደጋግሞ አነሳቸው፤ እሳቸውም ቀጥ ብለው ጠበቁት። ልክ እናትየዋ በድሮው የስቱዲዮ ፎቶ ላይ እንደቆሙት።

12:10 ላይ ፀሐይ ኮረብታው ጋ ደረሰች። ጨረስን። ጋቢው ከሁሉም ዕቃ ቀድሞ ወርዶ ታጠፈ።

ጥር 19

መልስ፣ በሙሽሪት ቤተሰብ ግቢ። ቀርከሃው እዚህም መጣ፤ ጋቢው የለም፣ በምትኩ ከቅስቱ ጎን የእንሰት ቅጠል ቆመ። ቀዩ ጥበብ በግቢው ጥላ ውስጥም አልደበዘዘም። ካባው ከሳጥኑ የወጣው ነው፤ ናፍታሌኑ እንዲለቀው ለቀናት አየር ላይ ሰቅዬው ነበር።

የሙሽራው ቤተሰብ የሲዳማውን የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜን ይዞ መጣ፤ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ፣ ከነቅቤው። ዲኮር ሠሪው ሻፌታውን በጠረጴዛ ጨርቅ መክበብ ፈልጎ ነበር። እንዳለ ቄጠማው ላይ ይቀመጥ አልኩ። ጥቁር ሸክላ፣ ነጭ ቆጮ፣ ወርቃማ ቅቤ፤ ምን ይጨመርበታል? ሁለቱ እናቶች ከአንዱ ሻፌታ ሲጎራረሱ የተነሳው ፎቶ ደማቅ ነው፣ ትንሽ ተንቀሳቅሷል፤ ግን ይገባል፣ አልበሙ ውስጥ ይገባል።

ጥር 28

ዛሬ ፎቶ መረጣ ነበር። ሙሽሪት ስልኳ ላይ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች አንዴም አላነሳቻቸውም። የመረጠችው ትልቅ ሕትመት አክስቶቹ ቅስቱ ሥር የሚያዜሙበትን ነው። እናትየዋ ደግሞ የጋቢውን ጫፍ ይዘው የሚታዩበትን መረጡ። የሙሽራው አባት የቆሙበት ለይርጋለም ቤት ይሠራል። ሌሎቹ አልበም ውስጥ ናቸው።

ሕትመቱን ማት ወረቀት ላይ አዝዣለሁ። አንጸባራቂው ላይ የፈትሉ ጥላ ይጠፋል። ለማተሚያ ቤቱ ሰው ነጩን "አጽዳው" እንዳይል፣ ወደ ቅቤ ያደላው መልክ እንዳለ እንዲተው፣ የመነን ቁራጭ ሳይሆን የጋቢውን ዘርፍ ፎቶ ማሳያ ሰጥቼዋለሁ። ጋቢው ላይ አንዲት የቡና ፍሬ ጭማቂ ጠብታ አለች፤ እናትየዋ እኔ አጥበዋለሁ ብለዋል። እንዶድ ከገበያ ፈልጌ ሰኞ ከሕትመቱ ጋር አደርስላቸዋለሁ። ቅስቱን የሙሽራው ቤተሰብ ወስደውታል፤ ለግቢያቸው በር።